ለቤቢ ሻወሩ ምን ይዤ ልሂድ?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፍቅር አይደለም። ስለ ኩርፊያም፣ ስለ ቅናትም አይደለም። ስለ ስጦታ ነው። «ስጦታ ደግሞ ምን ያወያያል? ገዝቶ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልሎ፣ ሪባን አስሮ ይዞ መሄድ ነው እንጂ!» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም እንዲያ ነበር የምለው። በቅድሚያ የደረሰኝን ደብዳቤ ላስነብባችሁና ከዚያ እንነጋገራለን።

ጸሐፊዋ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት። ስሟንም ሰፈሯንም «አደራ» ስላለችኝ ትቼዋለሁ።

«የልብ ጓደኛዬ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ይህ ሁለተኛ እርግዝናዋ ነው፤ የመጀመሪያውን በሰባተኛ ወሩ ነው ያጣችው። ያን ጊዜ የሆነችውን የማውቀው እኔ ነኝ። አሁን ስድስት ጓደኛሞች ሆነን ቤቢ ሻወር ልናዘጋጅላት ገንዘብ አዋጥተናል። ከመሐላችን አንዷ የሚገዛውን ዕቃ ጽፋ በቴሌግራም ላከችልን። የሕፃን አልጋ ልብስ ከነትራሱ፣ ከነወፍራም ብርድ ልብሱና አልጋው ዙሪያ ከሚታሰረው ስፖንጅ ጋር፤ ባለ ሙዚቃ ዎከር፤ ሰው የሚያክል ድብ፤ የወርቅ ሐብል። እኔ ድቡን ሳይ ልቤ ድንግጥ አለ። የእህቴ ልጅ ከእንዲህ ዓይነት ድብ ላይ የፕላስቲክ ዓይን ነቅሎ አንቆት፣ በስንት መከራ ነው የወጣለት። ይህን ብናገር ግን ሟርተኛ ነው የሚሉኝ። በዚያ ላይ የጓደኛዬ እናት ‹ልጅ ሳይወለድ ልብስ አይገዛም› ብለው ዝግጅቱንም አልወደዱትም። ዝም ብል ኅሊናዬ፣ ብናገር ጓደኞቼ። ምን ይዤ ልሂድ?»

እህቴ፣ ሟርተኛ አይደለሽም። እንዲያውም ያን ጊዜ እንዳንቺ ያለች አንዲት ጓደኛ አጠገቤ በነበረች እላለሁ። ለምን እንደምል ልንገርሽ።

ታላቅ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እኔ ገና ሥራ መያዜ ነበር። ልጁ ስምንት ወር ሲሞላው ከደሞዜ ቆጥቤ ዎከር ገዛሁለት። ታውቁታላችሁ፤ ልጁ መሐሉ ገብቶ በእግሩ ወለሉን እየገፋ የሚሽከረከርበት ባለ ጎማ መቀመጫ ነው። ሰማያዊ ነበር፤ ሲጫኑት ይዘፍናል። ቤተሰቡ በሙሉ መረቀኝ። «አክስት ማለት እንዲህ ናት!» ተባለልኝ። እኔም ኮራሁ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ቡናው ተወቅጦ፣ ጀበናው ከሰሉ ላይ ተጥዶ፣ ሁላችንም ሳሎን ቁጭ ብለናል። እኔ ፈንዲሻ ላመጣ ወደ ጓዳ ገባሁ። ልጁ ኮሪደሩ ላይ ነበር። ምን አለፋችሁ፣ ሰሐኑን ይዤ እስክመለስ የሆነው ሆኗል። ከኮሪደሩ እየተንደረደረ መጥቶ ምድጃውን በጎማው ገጨው፤ የፈላው ጀበና እግሩ ላይ ተደፋ። አጠገቡ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ማንም አልደረሰበትም። እኔ ደግሞ ያወቅሁ መስሎኝ ሮጬ የጥርስ ሳሙና ቀባሁት።

አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛ። ዛሬ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ቁምጣ መልበስ አይወድም። እህቴ አንድም ቀን «አንቺ ነሽ» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ዎከሩን ግን ከወራት በኋላ ጎረቤት ለልጇ ብትለምናት፣ «እሺ» ሳትል ወደ ጓሮ ወስዳ በመጥረቢያ ሰባበረችው። እኔ መስኮት ላይ ቆሜ አየኋት።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን መጠየቅና ማንበብ የጀመርኩት። ለካ ካናዳ ዎከር የሚባለውን ዕቃ እንዳይሸጥ፣ እንዳይገባና እንዳይተዋወቅ ከከለከለች ቆይታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2004! የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም በሀገሩ እንዲከለከል ደጋግሞ ጠይቋል፤ በ2018ም ጥሪውን አድሷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዎከር ውስጥ ያለ ልጅ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከአንድ ሜትር ያላነሰ ይሄዳል። እናትየው «ኧረ!» ብላ እስክትነሳ እሱ ደረጃው ጫፍ፣ ወይም ምድጃው ሥር ደርሷል። «መሄድ ያስተምረዋል» የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ እንዲያውም ሊያዘገየው ይችላል። ልጅ መሄድ የሚለምደው ወለል ላይ እየተንፏቀቀ፣ እየዳኸ፣ ሶፋ ይዞ እየቆመ ነው። ከዝርዝሩ መጀመሪያ የሚሰረዘው እንግዲህ ዎከሩ ነው። ቡና በየቀኑ መሬት ላይ በሚፈላበት ሀገር ለዎከር ምን ቦታ አለው?

(በነገራችን ላይ፣ የተቃጠለ ልጅ ላይ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይቀባም። ለሃያ ደቂቃ ያህል ቀዝቀዝ ያለ የቧንቧ ውኃ እያፈሰሱበት ቆይተው ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ይህን ባወቅሁ ኖሮ!)

ወደ አልጋ ልብሱ ልሂድ። ይሄኛው ለመናገር የሚከብደው ነው፤ ምክንያቱም ያምራል! ሱቁ መስኮት ላይ ሲታይ ማንም ሴት ልቧ ይቀልጣል። ትንሿ ትራስ፣ ዳንቴሉ፣ ዙሪያውን የሚታሰረው ለስላሳ ስፖንጅ... ግን አስቡት። አዲስ የተወለደ ሕፃን አንገቱን ማዞር በቅጡ አይችልም። ፊቱ ትራሱ ወይም ስፖንጁ ውስጥ ከተቀበረ፣ ብርድ ልብሱ አፍንጫው ላይ ከወጣ፣ ገፍቶ አያወርደውም። አይጮኽም። ጎረምሳው አባት አጠገቡ ሆኖ ስልኩን እየነካካ ላያውቅ ይችላል። አሜሪካኖች ሕፃናትን በጀርባ ማስተኛት የሚል ዘመቻ የጀመሩት በ1994 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በእንቅልፍ ላይ ድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል። በ2022 ደግሞ ያንን ዙሪያ የሚታሰር ስፖንጅና ሕፃን ዘንበል ብሎ የሚተኛበትን መቀመጫ መሰል አልጋ በሕግ ከልክለዋል። ሐኪሞች የሚሉት አጭር ነው፦ በጀርባ፣ ጠንከር ያለና ሜዳ የሆነ ፍራሽ ላይ፣ ባዶ አልጋ። ትራስ የለም፣ ድብ የለም፣ የተንዘላዘለ ጨርቅ የለም።

«አዲስ አበባ እኮ ብርድ ናት!» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ ሐምሌ ሲመጣ እኛ ራሳችን ጋቢ ነው የምንደርበው። መፍትሔው ግን ብርድ ልብስ መከመር አይደለም። እጅጌ የሌለው የመኝታ ከረጢት የሚባል አለ፤ ሕፃኑ እንደ ቀሚስ ይለብሰዋል፣ ከታች ዝግ ነው፣ ፊቱ ላይ አይወጣም። የተዘጋጀውን ካላገኛችሁ ማንኛውም ጎበዝ ልብስ ሰፊ ከጥጥ ጨርቅ ይሰፋላችኋል። አንገቱ ጠበብ ያለ ይሁን፣ ጭንቅላቱ ወደ ውስጥ እንዳይሾልክ። ሁለት ከረጢት፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱን የሚለብሰው፣ ከነትራሱ ካለው ሙሉ አልጋ ልብስ የሚበልጥ ስጦታ ነው። ለዋጋውም ቢሆን።

ክፍሉን ለማሞቅ ተብሎ ከሰል አራስ ቤት ማስገባት ደግሞ... ኧረ ተዉ! የከሰል ጭስ ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። ገዳዩ አየር ሽታም ቀለምም የለውም። አራሷንም ልጇንም ነው ይዞ የሚሄደው።

እኛ ሀገር ሕፃን ከእናቱ ጎን እንደሚተኛ አውቃለሁ። ለብቻው በሆነ ጠንካራ ፍራሽ ላይ፣ እዚያው እናትየው ክፍል ውስጥ ቢተኛ ነው የሚሻለው። ስለዚህ ገንዘባችሁ ከበዛ አልጋ ግዙላት፤ ግን ተመልከቱት። በርብራቦቹ መሐል የለስላሳ ጣሳ ካለፈ ክፍተቱ ሰፍቷል ማለት ነው፤ ከ6 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። አናጢ የሠራው ከሆነ ቀለሙን ጠይቁ። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ደንብ የቀለም እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ይላል፤ ጥርስ የሚያወጣ ልጅ የአልጋውን ጠርዝ መንከሱ ደግሞ አይቀርም። አንዱ ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት ያገለገለ አልጋ ከውጭ መጣልን ብላችሁ ደስ አይበላችሁ። አሜሪካ ያን ዓይነቱን በ2011 ነው ከገበያዋ ያስወጣችው።

አሁን ድቡ። እህቴ፣ ልብሽ የደነገጠው በከንቱ አይደለም። አንድ የቤት ውስጥ ሚዛን ልስጥሽ። የሶፍት ጥቅል መሐል ያለውን ካርቶን ያዢ። በዚያ ቀዳዳ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር፣ የድብ ዓይን፣ ቁልፍ፣ የመኪና ጎማ፣ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። እናቶች ሲሳሳቱ የማየው ሌላም ነገር አለ። አሻንጉሊቱ ካርቶን ላይ ክብ ውስጥ ያኮረፈ የሕፃን ፊትና «0-3» የሚል ጽሑፍ፣ በላዩ ላይ ሰያፍ መስመር ያለበት ምልክት አለ። ብዙ ሰው «ከዜሮ እስከ ሦስት ዓመት ላለ ልጅ የተሠራ» ይመስለዋል። ተቃራኒው ነው! ለእነሱ አይሆንም ማለት ነው። መርካቶ ዱባይ ተራ አንዱ ሻጭ ይህንኑ ምልክት እያሳየኝ «ይኸው፣ የሕፃን ነው» ብሎ ሊያስገዛኝ ሲሟገት ነበር። እሱም አልዋሸም፤ እንደዚያ ነው የመሰለው።

የሚዘፍንና የሚበራ ነገር ላይ ደግሞ ባትሪውን እዩ። ሳንቲም የሚመስለው ጠፍጣፋ ክብ ባትሪ ከተዋጠ ጉሮሮ ላይ ተሰንቅሮ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ማቃጠል ይጀምራል። ክዳኑ በብሎን ካልታሰረ አትግዙት። ስትከፍቱት የሚዘፍነው የመልካም ምኞት ካርድም ውስጡ ይሄው ባትሪ ነው ያለው፤ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብላችሁ የምትሰጡት ካርድ ዝም ያለ ይሁን።

የወርቅ ሐብሉ ለክርስትናው ይቆይ፤ ያኔም እናትየው ታስቀምጥለት። ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን፣ ወንድ ከሆነ አርባ ቀን ነው፤ የሚያስቸኩል ነገር የለም። የወርቅ ሰንሰለት አልጋው ላይ ቢያዝ ላይበጠስ ይችላል። በጥርስ ማውጫ ሰበብ አንገት ላይ የሚታሰረውንም ዶቃ ከውጭ የምታስመጡ አላችሁ፤ እሱንም ተዉት።

በዝርዝሩ ላይ ያልተጠቀሱ፣ ነገር ግን በየአራስ ቤቱ የማያቸው ስጦታዎች አሉ። የጣሳ ወተት አንዱ ነው። የሚያመጡት ሰዎች ክፋት የላቸውም፤ ቅልጥፍና ያለው ስጦታ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ለስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ነው የሚበቃው፤ ውኃም አያስፈልገውም። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1981 የጡት ወተት ተተኪዎች በማስታወቂያና በነፃ ናሙና ለእናቶች እንዳይታደሉ የሚል ደንብ ያጸደቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ጣሳው ቤት ውስጥ ከተቀመጠ፣ ሌሊት ልጁ ሲያለቅስ «ወተትሽ አልበቃውም መሰለኝ» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ጡት ማጥባት ያልቻለች እናት ካለች እሷና ሐኪሟ ይወስኑት፤ ጓደኛ አይወስንላትም። ማርም ቢሆን አንድ ዓመት ሳይሞላው አይቀምስ። አሮጊቶች ለዓይኑ ብለው የሚያመጡት ኩልም ብዙ ጊዜ እርሳስ አለበት፤ በፈገግታ ተቀብላችሁ መሳቢያ ውስጥ ቆልፉት።

የመኪና መቀመጫ? ባልየው መኪና ካለው ከሁሉም የሚበልጥ ስጦታ ይሄ ነው፤ ስድስት ሆናችሁ ልትገዙት ትችላላችሁ። ሕፃኑ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ነው የሚታሰረው። ኤርባግ ያለበት የፊት ወንበር ላይ በፍጹም! ያገለገለ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። አደጋ ደርሶበት እንደሆነ ማን ያውቃል? ፕላስቲኩ ላይ የሚያልቅበት ዓመተ ምሕረት ተቀርጾበታል፤ ገልብጣችሁ አንብቡት። በታክሲ የሚሄዱ ከሆነ አንቀልባ ግዙላቸው። ልጁ ሲታዘል ፊቱ እንዳይሸፈን፣ አገጩ ደረቱ ላይ እንዳይጣበቅ ነው ማየት ያለባት።

ብዙ ለሌላት ደግሞ ቴርሞሜትር አለ፤ ዲጂታሉ። ሳቃችሁ? አንድ እናት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የልጇን ግንባር በእጇ እየዳበሰች «ትኩሳት ነው? አይደለም?» ስትል ከማደር የበለጠ ጭንቀት አላይም። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን 38 ዲግሪ ካሳየ አይታደርም፤ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ቤት ነው። ልብስ ከገዛችሁም ገመድና ሪባን የሌለው፣ ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚሆነውን ግዙ። ሁሉም ሰው የአንድ ቀን ልጅ ልብስ ነው የሚያመጣው፤ በወሩ ይጠበዋል። እናትየው ለመታረስ ወባ ያለበት ሀገር እናቷ ዘንድ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ከሁሉም ይቀድማል።

አሁን ወደ ከባዱ ልመለስ፤ ወደ እናትየው። «ሳይወለድ ልብስ አይገዛም» ማለታቸውን ኋላ ቀርነት ነው ብለሽ አትለፊው፣ እህቴ። ጓደኛሽ አንድ ጊዜ በሰባት ወሯ አጥታለች። ያን ጊዜ የተገዛ ልብስ ካለ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አጣጥፎታል። ማን ይመስልሻል ያጣጠፈው? አልጠየቅሻቸውም ይሆናል። ቤቢ ሻወር ከውጭ የመጣ ነገር ነው፤ እኛ የኖርነው «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብለን ጠብቀን፣ ስትወልድ እልል ብለን፣ ገንፎ በልተን፣ ከዚያ በኋላ ነው እጃችንን የምንዘረጋው። ሁለቱን ማስታረቅ ግን ይቻላል። ዝግጅቱን ለእናትየዋ ለራሷ አድርጉት፤ ለእሷ የሚሆን ቢጃማ፣ ነጠላ ጫማ፣ ቅባት፣ ምሳ፣ ሳቅ። የልጁን ዕቃ ገዝታችሁ አንቺ ቤት ይቀመጥ፤ ስትወልድ ለአራስ ጥየቃ ይዛችሁት ትገባላችሁ። ከዚያ በፊት ግን ጓደኛሽን ራሷን ደውለሽ ጠይቂያት። ዕቃውን አሁን ማየት ያስደስታታል ወይስ ያስፈራታል? መልሱን ከእሷ በቀር ማንም አያውቀውም፤ እኔም ጭምር።

ለሴቶቹ እንዴት ትንገሪያቸው? «ይሄ ልጁን ይገድለዋል» ብለሽ አትጀምሪ፤ እውነት ነው ሟርተኛ ያሰኝሻል። ቴሌግራሙ ላይም አትከራከሪ፤ ሰው ፊት የታረመ ሰው ዕቃውን ካልገዛሁ ብሎ እልህ ይጋባል። ዝርዝሩን ያወጣችውን ልጅ ለብቻዋ ደውለሽ አመስግኛት፤ ለፍታለችና። ቀጥለሽ «ለመግዛቱ እኔ ልውጣ» በያት። ቅዳሜ ቀን መርካቶ ገብቶ በፀሐይ ለመጋፋት የምትሻማሽ አትኖርም። ገዢዋ አንቺ ከሆንሽ በትራሱ ፈንታ ከረጢቱ፣ በዎከሩ ፈንታ ወለል ላይ የሚነጠፍ ወፍራም ምንጣፍ፣ በድቡ ፈንታ ዓይኑ በክር የተጠለፈ ትንሽ የጨርቅ አሻንጉሊት ይሆናል። የቀረውን ብር ደረሰኙን ጨምረሽ ትመልሻለሽ። «ዎከሩስ?» ካሉሽ የእኔን ታሪክ ንገሪያቸው፤ ፈቅጄልሻለሁ።

ገንዘብ ካጠረሽም አትሸማቀቂ። አራስ ቤት ሄዶ የአንድ ሳምንት ዳይፐርና ልብስ ማጠብ፣ አጥሚት መሥራት፣ ልጁን ይዞ እናትየዋን ሁለት ሰዓት ማስተኛት... ሪባን ባይታሰርበትም ጓደኛሽ ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳውም። ደክሟት ሶፋ ላይ ልጁን እንደታቀፈች የምታንቀላፋ እናት እኮ ሌላው አደጋ ናት፤ ሶፋ ለሕፃን እንቅልፍ ከሁሉም የከፋ ቦታ ነው።

እንግዲህ ጊዜ አለሽ፤ ገና ስምንተኛ ወሯ ነው። ማርያም በሽልም ታውጣልን። ስትወልድ ጻፊልኝ፤ ገንፎውን ባልቀምስ ወሬውን ልስማ። እናንተም ጻፉልኝ፤ ለሣምንት በሰላም ያገናኘን!